ጅማ ላይ የብየዳ ማሽን ለመግዛት፦ ትራንስፎርመር፣ ኢንቨርተር፣ ሚግ፣ ቲግ ወይስ ጋዝ?

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት አዲስ ማሽን በባጃጅ ጭኖ ወርክሾፓችን መጣ። ከቴክኒክና ሙያ ከተመረቀ ዓመት አልሞላውም። ማሽኑን የገዙት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ያጠራቀሙትን አዋጥተው ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ፊቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ ነካ አድርጎ «ጋሼ፣ ባለ 400 ነው» አለኝ። አነሳሁት። በአንድ እጅ ይነሳል። ከኋላው የወጣውን ገመድ በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ከካውያ ገመድ ብዙም አይወፍርም። «ወንድሜ፣ በዚህ ገመድ 400 አምፔር አይመጣም» አልኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ማሽኑ መጥፎ አልነበረም። እስከ 140 አካባቢ በደንብ ይሰራል። ለበርና ለመስኮት ይበቃል። ልጆቹ ግን የከፈሉት ለ400 ነው። በዚያው ገንዘብ ማሽኑንም፣ ጥሩ ማስክም፣ ደህና ገመድም ይገዙበት ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደነሱ ያሉ ልጆች ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት እንዲያነቡት ነው። ማርካ አልጠራም። አንድ ማርካ ሁለት ዓይነት ጥራት ይዞ ሲመጣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ዋጋም በብር አልጻፍኩም፤ ከወር ወር ይለዋወጣል። የትኛው ከየትኛው እንደሚወደድ ግን በየቦታው ታገኙታላችሁ።

ከማሽኑ በፊት መስመራችሁን እዩ

መጀመሪያ መታየት ያለበት ቆጣሪያችሁና መስመራችሁ ነው። ይህን ረዘም አድርጌ ልናገር። ብዙ ሰው ገንዘቡን ሲያጣ ያየሁት እዚህ ጋ ነው።

የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። ማሽን ምን ያህል እንደሚስብ ለመገመት የእንጀራ ምጣድን መለኪያ አድርጉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ120 አምፔር ስትበይዱ ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለው ቮልት 25 ገደማ ነው። 25 በ120 ሲባዛ 3 ኪሎ ዋት ይሆናል። ማሽኑ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ጥሩ ኢንቨርተር (በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚሰራው ቀላል ማሽን) 3 ተኩል ኪሎ ዋት ይፈልጋል። አንድ ምጣድ ማለት ነው።

አሁን 400 አምፔርን እንይ። እዚያ ላይ ቮልቱ 36 ይደርሳል። 36 በ400 ሲባዛ ከ14 ኪሎ ዋት ያልፋል። ብክነቱ ሲጨመር 17 ገደማ ነው። አራት አምስት ምጣድ በአንድ ሶኬት መሆኑ ነው። ከ220 ቮልት መስመር 75 አምፔር በላይ መሳብ ይኖርበታል። ተራ የቤት ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር ነው። ስለዚህ ቀጭን ገመድና ተራ ሶኬት ይዞ «400» የሚል ማሽን ካያችሁ ቁጥሩን እርሱት። ማሽኑን በገመዱ፣ በክብደቱና ከኋላው በተለጠፈው የዝርዝር ሰሌዳ መዝኑት።

ሌላው የመስመሩ ድካም ነው። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል። ቴስተር ካላችሁ ጠዋት አንዴ፣ ቀትር ላይ አንዴ፣ ማታ 1 ሰዓት አካባቢ አንዴ ለኩ። ማታ 185 የሚያሳይ ከሆነ ማሽን የምትመርጡት ለ185 እንጂ ለ220 አይደለም። ብዙ ኢንቨርተሮች ከ220 በ15 ከመቶ ቢወርድ ይችላሉ፤ ይህም 187 ነው። ከዚያ በታች አንዳንዱ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ኤሌክትሮድ ያጣብቃል።

የማራዘሚያ ገመድንም አትርሱ። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 50 ሜትር ዘርግታችሁ 20 አምፔር ብትስቡበት ገመዱ ብቻውን 23 ቮልት ይበላል። ባለ 4 ካሬ ከሆነ 9 ብቻ ነው። ሰው ማሽኑን ሲረግም ጥፋቱ የገመዱ የሆነበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ደግሞ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድ ይግላል፤ ስትሰሩ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት።

ሌሎቹ መመዘኛዎች

ምን ትበይዳላችሁ? በርና መስኮት ከሆነ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 1.2 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቧንቧ) እና ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ላሜራ ነው። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስራ ከሆነ 4፣ 5፣ 6 ሚሊ ሜትር አንግል፣ ዘንግና አንዳንዴም የተሰበረ ካስት አይረን (በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሰራ፣ ቶሎ የሚሰነጠቅ ብረት) ይመጣል። ለሁለቱ አንድ ማሽን ሊበቃ ይችላል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም።

የት ትሰራላችሁ? ወርክሾፕ ውስጥ ብቻ ወይስ አጋሮና ሊሙ ድረስ እየተጠራችሁ? በአይሱዙ ላይ 80 ኪሎ ማሽን መጫንና 6 ኪሎ በትከሻ አንጠልጥሎ መሄድ አንድ አይደለም።

በቀን ስንት ሰዓት? ዝርዝር ሰሌዳው ላይ አምፔሩ ጎን በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር አለ። ዲውቲ ሳይክል ይሉታል። «160 አምፔር፣ 60 ከመቶ» ካለ በ10 ደቂቃ ውስጥ 6 ደቂቃ በ160 ትበይዳላችሁ፣ 4 ደቂቃ ታሳርፉታላችሁ ማለት ነው። ያለ እረፍት ከሆነ ያው ማሽን 124 ገደማ ይችላል። ይህ ቁጥር ጨርሶ ያልተጻፈበትን ማሽን እኔ አልገዛም። የሚለካውም አካባቢው 40 ዲግሪ ሙቀት ሲሆን፣ ከፍታውም ከባህር ወለል ከ1,000 ሜትር ሳይበልጥ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ማራገቢያው ያን ያህል አያቀዘቅዝም። ደግነቱ የእኛ ሙቀት 40 አይደርስም፤ አንዱ አንዱን ያካክሳል።

ሲበላሽስ ማን ይሰራዋል? ጅማ ውስጥ የሚጠግን ሰው ከሌለ ማሽኑ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይሄዳል። እናንተም ስራ ፈታችሁ ትጠብቃላችሁ።

መጨረሻ፣ የሚያልቅ ነገሩ፦ ኤሌክትሮድ፣ ሽቦ፣ ጋዝ። ማሽኑን አንዴ ትገዙታላችሁ፤ እነዚህን ግን በየሳምንቱ።

ትራንስፎርመር

እኔ እጄን ያፈታሁት በዚህ ነው። ብረት እምብርት ላይ ሽቦ የተጠቀለለበት ከባድ ሳጥን ነው። ከውጭ የመጣም አለ፣ እዚሁ የተጠቀለለም አለ። ውስጡ በቀላሉ ሊቃጠል የሚችል ስስ ነገር ስለሌለው አቧራም፣ የሚዋዥቅ መብራትም ብዙ አይጎዳውም። ሽቦው ቢቃጠል እንደገና ይጠቀለላል። ዕድሜው ረጅም ነው።

ጉዳቱ መስመር ላይ ነው። ባዶውን (ሳይበይድ) 65 ቮልት የሚያወጣ ትራንስፎርመር በ120 አምፔር ሲበይድ ከመስመሩ 35 አምፔር ገደማ ይስባል። ኢንቨርተር ለዚያው ስራ ከ16 እስከ 23 ይበቃዋል። ለዚህ ነው ትራንስፎርመር ሲነሳ የጎረቤት አምፖል የሚደበዝዘው። ጎረቤት ተቀይሞ ያዘጋው ወርክሾፕ አውቃለሁ።

ብዙዎቹ የሚያወጡት ኤሲ ብቻ ነው፤ ኤሲ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ መብራት ነው፣ ዲሲ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል። 6013 የሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት በዚህ ይሰራል። 7018 ግን ባዶ ቮልቱ 70 ካልደረሰ አይቃጠልም፤ ይጣበቃል። 1.2 ሚሊ ሜትር ቧንቧም በትራንስፎርመር ሳይበሳ መበየድ እጅ ይጠይቃል።

የምትገዙ ከሆነ የጠቀለለውን ሰው ጠይቁ፦ መዳብ ነው ወይስ አልሙኒየም? አልሙኒየም ቀለል ይላል፣ ይረክሳል፣ ግን ቶሎ ይግላል። በመስመሩና በብየዳው ሽቦ መካከል ያለው መለያም በደንብ መሸፈኑን በቴስተር አረጋግጡ። የጅማ ክረምት ወለልን ያረጥባል። ኤሲ ደግሞ በእርጥብ ወለል ላይ ከዲሲ ይልቅ ይገድላል። ከእግራችሁ ስር ደረቅ ጣውላ አድርጉ።

ኢንቨርተር

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ምክንያቴን ልዘርዝር።

ክብደቱ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ነው። ዲሲ ያወጣል። ዲሲ ማለት እሳቱ አይቆራረጥም፣ ኤሌክትሮዱ በቀላሉ ይነሳል፣ ፖላሪቲም መቀያየር ይቻላል። ቀጭን ብረት ላይ ኤሌክትሮዱን ኔጌቲቭ ላይ፣ ማሳ የምንለውን መቆንጠጫ ፖዘቲቭ ላይ ሰክታችሁ 6013 ሞክሩ። ዘልቆ የሚገባው ስለሚቀንስ ቧንቧው ቶሎ አይበሳም። ወፍራም ሲመጣና 7018 ስትይዙ ገልብጡት። ይህች አንዲት ማገላበጥ ብቻዋን ብዙ የተበሳ መስኮት ታድናለች። ሆኖም ማሽን ኖሯቸው አንድም ቀን ያልሞከሯት በያጆች አሉ።

የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ የብረት ብናኝና እርጥበት። ማራገቢያው አየር ሲስብ የግራይንደር ብናኝ አብሮ ይገባል። ብናኙ ብረት ስለሆነ ቦርዱ ላይ ሲቀመጥ መብራት ያስተላልፋል። የመጀመሪያው ኢንቨርተሬ የሞተው እንዲህ ነው። ከግራይንደሩ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ወለል ላይ ነበር። ስምንት ወር ሰራ። አንድ ጠዋት ስሰካው ጧ አለ። ክዳኑን ስንፈታ ቦርዱ ላይ ጥቁር ዱቄት እንደ ጥላሸት ተጋግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽኔ ከወገብ በላይ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ግራይንደሩም በተቃራኒው ጥግ። በወር አንዴ ነቅዬ፣ ቆይቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ በደረቅ አየር አነፋዋለሁ።

ስትመርጡ ከተጻፈው ትልቅ ቁጥር ይልቅ ይህን ተመልከቱ። በሰሌዳው ላይ ዲውቲ ሳይክሉ ይጻፍ። በ160 ላይ 60 ከመቶ ካለ ለበርና መስኮት ወርክሾፕ ደህና ነው። ዝቅ ባለ ቮልት የሚሰራ መሆኑ ይጻፍ። ኤሌክትሮድ ሲጣበቅ አምፔሩን የሚቆርጥ ቢሆን ለጀማሪ ትልቅ እገዛ ነው። ገመዱ ወፍራም፣ መሰኪያው የማይነቃነቅ ይሁን። ከጄኔሬተር ጋር የምታሰሩት ከሆነ ጄኔሬተሩ ማሽኑ ከሚስበው አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን።

ሚግ

ሽቦ ከጥቅልል እየተጎተተ ራሱ ይገባል። ጋዝ ወይም በሽቦው ውስጥ ያለ ዱቄት ብየዳውን ከአየር ይጠብቀዋል። ፍጥነቱ ሌላ ነው። ኤሌክትሮድ መቀየር የለም፣ ቅርፊት መቀጥቀጥም በጋዝ ከሆነ የለም። በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ የመኪና ላሜራ በጥሩ ሁኔታ ይበየዳል። አንድ ዓይነት አልጋ ወይም ወንበር በብዛት የምታመርቱ ከሆነ ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል።

ግን ነፋስ አይወድም። ደጅ ላይ ትንሽ ነፋስ ጋዙን ከወሰደው ብየዳው እንደ ስፖንጅ ይበሳሳል። ጋዝ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይፈልጋል። ሲሊንደሩ ሲያልቅ የት እንደሚሞላና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ። ሽቦውም በክረምት ይዝጋል። ማታ ማታ ከማሽኑ አውጥታችሁ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ዱቄት ያለበት ያለ ጋዝ የሚሰራ ሽቦ ለደጅ ይሻላል፤ ያኔ ፖላሪቲው መገልበጡን አትርሱ። ሽቦው ራሱ ይወደዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚግ ብየዳን አሳምሮ ያሳያል፤ ከስር ግን ያልያዘ ሊሆን ይችላል። አምፔሩ ሳይበቃ ሽቦው ወፍራም ብረት ላይ ተንጋሎ ይቀራል። ላዩ ያምራል፣ በመዶሻ ሲመታ ይላቀቃል። ሸክም ለሚሸከም ነገር ተጠንቀቁ።

ቲግ

ስቴንለስ ለሚሰራ ሰው ነው። የማይቀልጥ ዘንግ እሳቱን ይሰጣል፣ መሙያ ሽቦውን በሌላው እጅ ትጨምራላችሁ። የሆቴል ኩሽና፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የወተት ዕቃ። አርጎን ጋዝ ይፈልጋል፤ በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ሊትር። ቀስ ያለ ነው፣ ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል፣ ለመልመድ ወራት ይወስዳል። አልሙኒየም ለመበየድ ካሰባችሁ ኤሲም የሚያወጣ ቲግ መሆን አለበት፤ ዲሲ ብቻ የሆነው አይሰራላችሁም። ይህን ሳይጠይቁ ገዝተው የተቆጩ አሉ። አንዳንድ ኢንቨርተር ላይ ቶርች ብቻ ገዝታችሁ ቲግ ማድረግ ይቻላል። ለመሞከር ጥሩ መንገድ ነው።

ጋዝ (ኦክስጅንና አሲታይሊን)

መብራት አይፈልግም። ነበልባሉ 3,100 ዲግሪ ያልፋል። ይቆርጣል፣ ያጎብጣል፣ በነሐስ ያጣብቃል። ለጋራዥ እስካሁን ተወዳዳሪ የለውም። ለበርና መስኮት ግን ብረቱን ያጣምማል፣ ጋዙም ወጪ ነው።

የአሲታይሊን ግፊት ከ1 ባር አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ራሱን ችሎ ሊፈነዳ ይችላል። የኦክስጅን መክፈቻ ላይ ዘይትም ግሪስም አይንካ። የተቀባ እጅ እንኳን ታጠቡ።

ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ

| | ትራንስፎርመር | ኢንቨርተር | ሚግ | ቲግ | ጋዝ |
|---|---|---|---|---|---|
| የመግዣ ዋጋ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| የየሳምንቱ ወጪ | ዝቅተኛ፣ መብራት ግን ይበላል | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ |
| ደካማ መስመር ላይ | መጥፎ | ጥሩ | መካከለኛ | ጥሩ | መብራት አይፈልግም |
| ቀጭን ላሜራ | ከባድ | ይቻላል | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ያጣምማል |
| ወፍራም አንግል | ጥሩ | በጣም ጥሩ | አምፔሩ ከበቃ | ቀርፋፋ | ቀርፋፋ |
| ስቴንለስ | አይመከርም | በልዩ ኤሌክትሮድ | ይቻላል | ምርጥ | አይመከርም |
| ደጅ፣ ነፋስ ላይ | ይሰራል | ይሰራል | በዱቄት ሽቦ ብቻ | አይሆንም | ይሰራል |
| ማንቀሳቀስ | ከባድ | ቀላል | መካከለኛ | መካከለኛ | ከባድ |
| ጥገና | ቀላል | ቦርድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል | መካከለኛ | ከባድ | ቀላል |
| ለጀማሪ | ይከብዳል | ይሻላል | ለመጀመር ቀላል | ይከብዳል | መካከለኛ |

ለማን የቱ?

ከኮሌጅ ለወጣችሁና ገንዘባችሁ ውስን ለሆነ፦ በትክክል 160 አምፔር የሚሰጥ ኢንቨርተር። የተረፈውን ማስክ፣ የቆዳ ጓንትና ባለ 4 ካሬ ገመድ ግዙበት። ባለ 400 የሚል ፈልጋችሁ ገበያ አትዙሩ።

በርና መስኮት ለሚሰራ ወርክሾፕ፦ ሁለት ኢንቨርተር ከአንድ ትልቅ ማሽን ይሻላል። አንዱ ሲታመም ሌላው ይሰራል። የደንበኛ ቀጠሮም አይበላሽም።

ወደ ቡና ጣቢያ ለምትሄዱ፦ 200 አምፔር በእውነት የሚሰጥ ኢንቨርተርና ጄኔሬተር። የመፈልፈያ ማሽን ጥገና የሚበዛው ቡና ከመድረሱ በፊት፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው፤ ዝናቡ ገና አላባራም። ካስት አይረን ከመጣ የኒኬል ኤሌክትሮድ ያዙ። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ በይዱ፣ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ቀጥቅጡት፣ እጅ እስኪያስነካ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ሲያልቅ በደረቅ አመድ ቅበሩትና ይደር። የቸኮለ ሰው የበየደው ካስት አይረን ከጎኑ ይሰነጠቃል።

ለጋራዥ፦ ጋዝ መጀመሪያ፣ ሚግ ቀጥሎ። ለስቴንለስ ወርክሾፕ፦ ቲግ፤ ግን አርጎኑ የሚገኝበትን አረጋግጣችሁ። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ኖሯችሁ ቀኑን ሙሉ ወፍራም ብረት የምትበይዱ ከሆነ ደህና የተጠቀለለ ትራንስፎርመር አሁንም አያሳፍርም። ጥግ ተክላችሁት ለዓመታት ያገለግላችኋል።

ኤሌክትሮድ፣ በተለይ በጅማ ክረምት

ማሽን መርጣችሁ ኤሌክትሮድ ካልመረጣችሁ ግማሹን ነው የሰራችሁት። 6013 እና 7018 ላይ ያሉት የመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች ጥንካሬን ነው የሚነግሩት። 60 ማለት ብየዳው በካሬ ሚሊ ሜትር 42 ኪሎ ገደማ ይችላል፤ 70 ደግሞ 49። 6013 ለበር፣ ለመስኮት፣ ለአጥር ይበቃል፤ በሁለቱም በኤሲም በዲሲም ይነሳል። 7018 ሸክም ላለበት፣ ለሚርገበገብ ነገር ነው። አምፔሩን በኤሌክትሮዱ ውፍረት ጀምሩ። በአንድ ሚሊ ሜትር 40 ገደማ ይያዝ። 2.5 ከሆነ ከ60 እስከ 100፣ 3.2 ከሆነ ከ90 እስከ 140። ለ1.2 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ከታችኛው ጫፍ ተነሱ፤ 2.0 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ካገኛችሁ ደግሞ እሱን።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ክፍት የተተወ ፓኬት እርጥበት ይጠጣል። የረጠበ ኤሌክትሮድ ይንጣጣል፣ ያጨሳል፣ ብየዳው ላይ ትናንሽ ቀዳዳ ይተዋል። እኛ የማይሰራ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ 100 ዋት የሚያሞቅ አምፖል ሰቅለን ኤሌክትሮዳችንን እዚያ እናስቀምጣለን። ክረምቱን ሙሉ አምፖሉ ይበራል። በሩን ስትከፍቱት ሙቅ ደረቅ አየር ፊታችሁን ይነካል። ይህ 6013ን ደረቅ ያቆየዋል። 7018 አንዴ ከረጠበ ግን አምፖል አይበቃውም፤ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት መጋገር አለበት። ምድጃ ከሌላችሁ ትንሽ ፓኬት ገዝታችሁ በከፈታችሁበት ቀን ጨርሱት።

እጅን ማፍታታት

ማሽን የገዙ ልጆች በቀጥታ የሰው በር ላይ ይጀምራሉ። እንዲህ አታድርጉ። ቁርጥራጭ ሰብስቡ። በቀን 10 ኤሌክትሮድ ለልምምድ ብቻ ይሁን። የኤሌክትሮዱ ጫፍ ከብረቱ የሚርቀው በራሱ ውፍረት ያህል ነው፤ ከዚያ ከራቀ ይረጫል፣ ከቀረበ ይጣበቃል። ኤሌክትሮዱን ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብላችሁ ጎትቱት። ጆሯችሁንም ተጠቀሙ። ልክ ሲሆን ድምፁ ሽንኩርት ዘይት ላይ ሲቁላላ እንደሚሰማው ወጥ ነው። ሲቆራረጥ ወይ እጃችሁ ርቋል ወይ አምፔሩ አንሷል።

ከዚያ ብየዳችሁን ስበሩት። ሁለት ቁራጭ ላሜራ በቀጥታ ማዕዘን አቁማችሁ በአንድ ጎን ብቻ በይዱ። ሲቀዘቅዝ ሞርሳ ላይ እሰሩትና ወደተበየደው ጎን በመዶሻ አጥፉት። ሲሰበር ውስጡን እዩ። ቅርፊት ታጭቆ ካያችሁ ፍጥነታችሁ ነው። ቀዳዳ ካለ እርጥበት ወይም ዝገት ነው። ስሩ ላይ ሳይነካ የቀረ ጠርዝ ካለ አምፔር ጨምሩ። እኔ ረዳት ስቀጥር መጀመሪያ የማሰራው ይህንን ነው። ልጆቹ መስበሩን መጀመሪያ ይጠሉታል። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸው ሰብረው ያሳዩኛል።

ከዓይንና ከሳንባ ላይ አትቆጥቡ

የፀሐይ መነጽር የብየዳ መነጽር አይደለም። ለእጅ ብየዳ መስታወቱ ቁጥር 10 ወይም 11 ይሁን። ዓይን የሚያመው ስትበይዱ ሳይሆን ሌሊት ነው፤ ከሰዓታት በኋላ አሸዋ የተረጨበት ያህል ይቆረቁራል። ድንች ቆርጦ መለጠፍ ያቀዘቅዝ ይሆናል እንጂ አያድንም። ጤና ጣቢያ ሂዱ። ረዳታችሁም ማስክ ይኑረው። ብረት የሚይዘው ልጅ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ሲጨፍን ማየት በጣም ያመኛል።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ስትበይዱ ዚንኩን በግራይንደር አንሱት፣ ነፋስ ከጀርባችሁ ወይም ከጎን ይምጣ። ጭሱ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል። ወተት መጠጣት ያጥበዋል የሚለው ትክክል አይደለም። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ

ሁለት ቁራጭ ብረት፣ አምስት 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድና ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ማሽኑን 120 ላይ አድርጋችሁ ኤሌክትሮዶቹን ሳታርፉ በተከታታይ ጨርሱ። የሙቀት መብራቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ኤሌክትሮድ ላይ ከበራ ያ ማሽን 160 የሚባለው አይደለም። ማራገቢያው ከማሽኑ ጋር አብሮ መነሳቱን ስሙ። ገመዱን ንኩ፤ ሞቅ ማለት ያለ ነው፣ እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን ቀጭን ነው። ኤሌክትሮዱን ሆን ብላችሁ አጣብቁትና ማሽኑ አምፔሩን ሲቆርጥ እዩ። ሰሌዳውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነና ጅማ ውስጥ ማን እንደሚጠግነው ደረሰኙ ጀርባ ላይ ይጻፍላችሁ።

ያ ወጣት ሁለተኛ ማሽኑን ሲገዛ አብሬው ሄድኩ። አምስቱንም ኤሌክትሮድ ራሱ ነው የጨረሰው። በአራተኛው ላይ ቆም ብሎ ገመዱን ዳሰሰ። ከዚያ አምስተኛውን አነሳ።